ጀልባዋ ደህና ናት?

ኅዳር አስራ አንድ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ከእትዬ አልጋ ፊት ለፊት የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሏል፤ የሾርባውን ሳህን በማንኪያዋ ጀርባ ወደ እኔ ስትገፋው ዓይኔን የማሳርፍበት ሌላ ቦታ አጥቼ ያየሁት እሱን ነው።

«ውሰድልኝ» አለች። «አፌ ሲገባ ሳሙና ይሆናል።»

«ትናንት ድንቹ ሳሙና ነው አልሽ። ከትናንት ወዲያ ዳቦው።»

«ሳሙና ፋብሪካ አስተኝታችሁኝ ምን ልበል ታዲያ?»

አጠገቧ የተኛችው ሴትዮ ብርድ ልብሷን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ሐኪሙ ቅድም ኮሪደር ላይ ይዞኝ የነገረኝ ገና ጆሮዬ ላይ ነበር።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ሆቴል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ አንሶላ ስትተኩስ ነው የኖረችው። አዲስ ጫማ ተረከዟን ላጠው፤ ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ደግሞ እንደምታውቁት ነው፣ አልድን አለ። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ሐኪሙ ያለኝ ይህን ነው፦ ቁስሉ የሚድነው ስኳሯ ሲረጋ ነው፤ ስኳሯ እንዲረጋ መርፌውን በሙሉ መጠን መውሰድ አለባት፤ መርፌውን ለመውሰድ ደግሞ መብላት አለባት። ሳትበላ ከወጓት ስኳሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች። «እስከ ሁለት ሳምንት እናያለን» አለኝ። «ለውጥ ከሌለ እግሩን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ መቁረጥ ግድ ይሆንብናል። ሕይወቷን ማትረፍ አለብን።» ሰውዬው አልተቆጣኝም፣ አላስፈራራኝምም። እንደዚያ ረጋ ብሎ መናገሩ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

እትዬ ይህን ታውቃለች። እሷም ሰምታዋለች። አልበላም ያለችው ግን አኩርፋ አይደለም፤ ትሞክራለች፣ ትጎርሳለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ወደ ሶፍቱ ትመልሰዋለች።

«እሺ፣ ምን ላምጣልሽ?» አልኳት። «አንድ ነገር ንገሪኝ። የሰማይ ወፍም ቢሆን።»

ትንሽ አሰበች። «ሥሩን» አለች።

«የቱን ሥር?»

«የቱን ሥር ይለኛል ደግሞ! ስንት ሥር አለ? የአጥርህን ነዋ።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። እኛ የወንዝ ዳር ሰዎች ነን። አሁን የምንኖረው ከተማው ጫፍ ላይ፣ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር ነው፤ የድሮው መንደራችን ግን ግድቡ ያቆረው ውሃ ሥር ነው ያለው። ስንነሳ እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። እትዬ ግን ዓሣ ስትቀርፍ፣ ሥር ስትቆፍር አድጋ ልጃገረድ ሆና ነው የተነሳችው።

እዚያ ማዕድ የሚጀመረው በሥሩ ነበር አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ትንሽ ቁራሽ፤ ከዚያ ዓሣው፣ ባቄላው፣ ቅጠላ ቅጠሉ ይከተላል። ሥሩ መራራ ነው። ጥሬውን የበላ ሆዱን ይታመማል፣ ካበዛውም ይሞታል። ስለዚህ ይላጣል፣ ሳሳ ሳሳ ተደርጎ ይቆረጣል፣ በጆንያ ታስሮ የሚፈስ ውሃ ውስጥ ቀናት ይቆያል፣ በመጨረሻም ይቀቀላል። ከውሃው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው ምላስ ነው። አንዱ ሰው ከጆንያው አንዲት ቁራሽ አውጥቶ ምላሱ ጫፍ ላይ ያቆይና ይተፋታል። ምላሱ ይደነዝዛል። ያኔ ሌላው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ የደነዘዘው ይመልሳል። መልሱ መጀመሪያ የሰካራም ነው። ሰላምታው ሲጠናቀቅ አፉ ተፈቶ የመጨረሻዋን መልስ አጥርቶ ከተናገረ ሥሩ ደርሷል። ሰላምታው አልቆም የሚኮላተፍ ከሆነ ጆንያው ወደ ውሃው ይመለሳል።

ወደ ከተማ ስንመጣ ሰዎቻችን ሥሩን ተሸክመው መጡ። ከየቤቱ ጀርባ ተከሉት፣ ከወንዙ ዳርም ይልቅ ፋፋ። ግን ታጥቦ፣ ተቀቅሎ ሲቀርብ ምንም አይልም። ውሃ የጠጣ እንጨት። «አዲሱ አፈር ገደለው» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ነገሩ በዚያው ታመነ። ቀስ በቀስ የሚቆፍረው ጠፋና አጥር ሆነ፤ ፍየል ስለማይበላው ጥሩ አጥር ነው። እኛም ነጭ ዳቦና በስኳር የወፈረ ሻይ ለመድን። ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ መርፌ የማይወጋበት ቤት ብትፈልጉ ብዙ ትዞራላችሁ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ሞቷል። አንቺም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ግን መራራ ሳልቀምስ ሆዴ አልከፈትም እያለ ነው። ምናልባት እንደገና ተነስቶ እንደሆነስ? ሂድና ቆፍር።»

ሄጄ ቆፈርኩ።

ሥራዬ ጎማ መጠገን ነው። ሱቄ ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ነው፤ ከጀርባው የመስኖ ቦይ ያልፋል። የሚፈስ ውሃ ከተፈለገ ከእሱ የተሻለ የለም። ሥሩን ልጬ፣ ቆራርጬ፣ ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በቀደድኩት ላስቲክ አፉን አሰርኩና ቦዩ ውስጥ ከድንጋይ ጋር አጋደምኩት። ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ አባባ አያልቄ ሲመጡ አየሁ። ሮጬ ክሪክ ላይ ካቆምኩት ሚኒባስ ሥር ገባሁ።

አባባ አያልቄ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሰላምታቸው አያልቅም። ስሙንም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። አንዴ እጅህን ከያዙ አንተን ይጠይቃሉ፣ ሚስትህን ይጠይቃሉ፣ ካረፉ ዘመዶችህ ይደርሳሉ። ይህ ሁሉ ባልከፋ። ከዚያ የሌለ ነገር መጠየቅ ይጀምራሉ። ማሳ የሌለውን «ማሳው ደህና ነው?» ይሉታል። ደጁ ላይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ብቻ ያለውን «ሾላዋ ደህና ናት?» ይሉታል። በመጨረሻ «ጀልባዋ ደህና ናት?» ብለው እጅህን ሲለቁህ ታክሲህ ሄዷል፣ ደንበኛህ ሌላ ጎሚስታ ዘንድ ሄዷል። ልጆቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው በግንብ ይዘላሉ። እኔ ደግሞ መኪና ሥር እገባለሁ፤ ሥራዬ ስለሆነ አያስታውቅብኝም ብዬ።

ጆንያውን በየቀኑ አወጣሁ። ሰላምታ የምትሰጠኝ ባለቤቴ ነበረች። እሷም የሰፈራችን ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች። ቁራሿን ምላሴ ላይ አቆይቼ ስተፋት አፌ የሌላ ሰው አፍ ይሆናል።

«ደህና አደርክ?» ትለኛለች።

«ዬህና ዬኝ።»

«እትዬስ?»

«ዬህና ያት።»

«ሥራ ጥሩ ነው?»

«ጡዩ ዬው።»

«ገና ነው፤ መልሰው» ትላለች፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። «ሰርጋችን ቀን እንዲህ ብታወራ ኖሮ ትቼህ እሄድ ነበር።»

እሑድ ጠዋት ሦስቱንም ጥያቄ እንደ ዜና አንባቢ መለስኩ። ቀቀልነው። ሰኞ በቁርስ ሰዓት ትኩሱን በሳህን ሸፍኜ ሆስፒታል ደረስኩ።

እትዬ ተነስታ ተቀመጠች። ፀጉሯን ሳይቀር በእጇ አስተካከለች። አንድ ቁራሽ አንስታ አሸተተች፣ ጎረሰች፣ አኘከች። ፊቷን እያየሁ ነበር። ሶፍት ጠየቀች።

«ሞቷል» አለች። ቀልድ አልነበረበትም። ጋደም ብላ የታመመ እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ እየዳበሰች፣ «በል ይቁረጡት እንግዲህ» አለች። «ለአንሶላ መተኮሻ አንድ እግር ይበቃል።»

በዚህ ጊዜ ነው የሆስፒታሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ የመጣችው። ወጣት ናት፤ በየአልጋው እየዞረች ማን ምን በላ፣ ምን ተረፈ የምታይ። ከዚያ ቀን በፊት የእትዬን ሳህን እያየች ከንፈሯን ስትነክስ ብቻ ነበር የማውቃት። ሳህኔን አየችና ጎንበስ አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ልትቆጣኝ ነው ብዬ ለመክደን ቸኮልኩ። እሷ ግን ክዳኑን ያዘችው። ነገርኳት። መራራነቱን፣ ጆንያውን፣ ቦዩን። መርዝነቱን ስነግራት ዓይኗ ሰፋ፤ ግን አላቋረጠችኝም። ጨርሼ ስቆም ጥያቄዋ እንደ በቆሎ መፈልፈል ሆነ። ምላስ ሲደነዝዝ ከጫፉ ነው ወይስ ከኋላው? ውሃው ሲቀዘቅዝ ይዘገያል? ከመቀቀሉ በፊት ቀለሙ ይለወጣል? ከዚያ አንዲት ቁራሽ አንስታ አኘከች፣ ቆየች።

«ይሄ ምንም አይልም።»

«አፈሩ ነው» አልኩ። «አዲሱ አፈር ገድሎት ነው።»

«ምናልባት። ግን ከመታጠቡ በፊት ያደነዝዛል አሉኝ አይደል? ይሄን ያህል መራራ ሆኖ የበቀለን ነገር አፈሩ እንዴት ገደለው? መራራነቱ ያለቀው ውሃው ውስጥ ነው።» ቁራሹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። «ከውሃው የሚያወጡት በሰላምታ ነው አሉኝ። ሰላምታው ምን ያህል ይረዝማል?»

«እንደ ሰላምታ ነዋ።»

«እስቲ እኔን ሰላም ይበሉኝ። ባለቤትዎ እንደምትልዎት።»

አፍሬ ሳቅኩ። ከዚያ አልኳት። «ደህና አደርሽ? እህትሽስ? ሥራ ጥሩ ነው?» ብዬ ዝም አልኩ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ከአልጋው ላይ ድምፅ መጣ። እትዬ ዓይኗን ሳትገልጥ ነበር።

«ይሄ ሰላምታ ነው? ይሄ ሰውን በክርን ገፍቶ ማለፍ ነው! እናታችን ብትሰማህ በዚያው ጆንያ ጠቅልላ ቦይ ትከትህ ነበር።»

ባለሙያዋ ወደ አልጋው ዞረች። «እናትዎ እንዴት ነበር የሚሉት፣ እማማ?»

እትዬ ዓይኗን ገለጠች። ሳህኑን አላየችውም፤ ጣሪያውን ነው ያየችው። «ደህና አደርሽ ትላለች። ልጆችሽስ? ያረፉትስ አርፈዋል? ቤቱስ? ጣራው አያፈስም? ማሳውስ...» አለችና ትንፋሽ አጠራት፣ ሳል ያዛት። ነርሷ መጥታ ሁላችንንም በዓይኗ ገላመጠችን። እትዬ እጇን እያወዛወዘች በሹክሹክታ፣ «ብዙ ነው... ረጅም ነው...» አለች።

ማሳው። ይህን ሰላምታ አውቀዋለሁ። ከሚኒባስ ሥር ሆኜ ስንቴ ሰምቼዋለሁ።

«ይሄን የሚሉ አንድ ሽማግሌ አሉ» አልኳት ባለሙያዋን።

«የት ነው ያሉት?»

«ሰፈር ውስጥ። ሰው ሁሉ ሲያያቸው ይሸሻል።»

«ለምን?»

«ሰላምታቸው አያልቅም።»

ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ እኔን። «እና እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

አባባ አያልቄ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ዳቦ በሻይ ነው ኑሯቸው፤ ሥር የሚያጥብ እጅ ቤታቸው የለም። በራቸው ላይ ስቆም ሬዲዮናቸውን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

«አባባ፣ ደህና ዋሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ዛሬ ከመኪና ሥር ወጣህ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ያውቁ ነበር?»

«እግርህ ውጭ ይቀራል እኮ፣ አንተ። ስንት ዓመት ሙሉ ለጫማህ ሰላምታ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ጫማህ ከአንተ ይሻላል፤ ዝም ብሎ ይሰማል።» ከዚያ ፈገግ ብለው ወንበር ሳቡልኝ። «እህትህ እንዴት ሆነች?»

ነገርኳቸው። ሥሩን ስጠራ ጨርቁን አስቀመጡት። ስጨርስ ጫማቸውን ፈልገው አደረጉና ቀድመውኝ ወጡ።

በዚያው ምሽት አዲስ ሥር ቆፈርን። እሳቸው ቆመው «ሳሳ አድርገው፣ ሳሳ!» እያሉ አዘዙኝ፣ ባለቤቴ ላጠች። ጆንያው ቦዩ ውስጥ ገባ። ከማክሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ ሱቁ ጀርባ ተገናኘን። ቁራሿን ምላሴ ላይ አቆያለሁ፣ እተፋለሁ፣ አባባ እጄን ይይዛሉ፣ ሰላምታው ይጀመራል። ማክሰኞ እስከ መጨረሻው ተኮላተፍኩ። ረቡዕም እንዲሁ፤ ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሹፌር በጠዋቱ የሰከርኩ መስሎት ጎማውን ይዞ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ውሃው ላይ ጉም ነበር። አባባ እጄን ያዙ።

«ደህና አደርክ?»

«ዬህና ዬኝ።»

«ልጆችህስ?»

«ዬህና ያቸው።»

«ያረፉትስ አርፈዋል?»

«አይፈዋል።»

«ቤቱስ ደህና ነው? ጣራው አያፈስም?»

«አያፈስም።»

«ማሳው ደህና ነው?»

ማሳ አይቼ አላውቅም። ግን ሰላምታ ነውና «ዬህና ዬው» አልኩ።

«ውሃው አልጎደለም? ዓሣው ደህና ነው?»

«ዬህና ዬው።» ምላሴ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ይነዝረኝ ጀመር።

«በደጃፉ ያለችው ሾላ ደህና ናት?»

«ዴህና ናት።»

ባለቤቴ ሳቋን አቆመች። አባባም ሰምተዋል፤ ግን አልቸኮሉም። እንደ ወትሮው፣ በመንገድ ላይ እንደሚያደርጉት፣ እጄን ትንሽ ጠበቅ አደረጉ።

«ጀልባዋ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ፤ ጥርት ብሎ ወጣ።

አባባ እጄን ለቀቁና ጆንያውን ከውሃው እንዳወጣ ምልክት ሰጡኝ። ጆንያውን ስጎትት ነገሩ ገባኝ። አፈሩ ምንም አላደረገም ነበር። ማሳው ውሃ ሥር ነው፤ ስለዚህ ማሳውን መጠየቅ ተውን። ሾላዋ ውሃ ሥር ናት፤ እሷንም ተውናት። ጀልባዋን ማን ይጠይቃል? እንዲህ እንዲህ እያለ ሰላምታው ሦስት ጥያቄ ሆኖ ቀረ፤ በሦስት ጥያቄ ውስጥ አፋችን እንዲፈታ ስንጠብቅ ሥሩን ውሃ ውስጥ ረስተን መራራውን ሁሉ አጥበን ስንጨርስ ኖርን። ከዚያ አፈሩን ረገምን።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ለምንድን ነው እርስዎ ያልተዉት? የሌለ ነገር እየጠየቁ?»

«እኔማ ብተወው» አሉ ጆንያውን እየጨመቁ፣ «ሌላ ስለ ምን ነገር ነው ሰው ደህና ናት ብሎ የሚመልስልኝ?»

ቀቅለን እኔና አባባ ቀድመን በላን። እውነት ለመናገር አልወደድኩትም። ይመራል፤ ከዚያ ምራቅ አፍህን ይሞላዋል፣ ከዚያ ደግሞ በድንገት ይርብሃል። ባለቤቴ የተረፈውን ባቄላ ብቻዬን ስጨርሰው ቆማ አየችኝ።

ዓርብ ባለሙያዋ በር ላይ ጠበቀችን። ሐኪሙን አስፈቅዳለች፤ በትንሹ፣ በደንብ የተቀቀለ ሆኖ፣ እሷ አጠገቧ ቆማ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር እንዳይሳሳቱብኝ» አለችኝ። «ይሄ ስኳር ያድናል አላልኩም። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። እኔ የምፈልገው እንድትበላ ነው። መርፌው የራሱን ሥራ ይሠራል።» ይህን እያለች እጇ ግን ወደ ሳህኑ እየሄደ ነበር፤ መቅመሷን አልተወችም። ቀመሰች፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ ቆየት አለችና «እንዴ!» አለች። ምራቋን ዋጠች። «ቁርስ በልቻለሁ እኮ እኔ።»

እትዬ አላመነችንም ነበር። ተኝታ ቆየች። አባባ አያልቄን ከኋላዬ ስታይ ግን ለመነሳት ሞከረች።

«አባባ! እርስዎን እዚህ ድረስ ማን አመጣዎት?»

«ወንድምሽ። ከመኪና ሥር ጎትቼ አወጣሁት።»

ቁራሹን ሰጠኋት። አኘከች። ቀስ ብላ ማኘኳን አቆመች፤ ቁራሹን ጉንጯ ውስጥ እንዳኖረች እኔን አየችኝ።

«የት ላይ ነው የተፈታው?» አለች።

«ጀልባዋ ላይ።»

ራሷን ነቀነቀች። ዋጠችው። ሌላ ጠየቀች፤ ባለሙያዋ ግማሹን ብቻ ፈቀደችላት። ከዚያ እትዬ የሆስፒታሉን ሳህን በራሷ እጅ ሳበች። እንቁላል፣ ባቄላ፣ የተቀቀለ ጎመን ነበረበት። በላች። ከጎኗ የተኛችው ሴትዮ «ሳሙናው እንዴት ነው?» አለቻት።

«ጨው ያንሰዋል» አለች እትዬ፣ አፏን ሞልታ።

ቅዳሜም በላች፣ እሑድም በላች። መርፌው በሙሉ መጠን ተሰጣት። ሰኞ ሐኪሙ ፋሻውን ፈቶ ብዙ ሰዓት የቆየ መሰለኝ። መልሶ ጠቅልሎ ወደ እኔ ዞረና፣ «ሌላ ሳምንት እንጨምር» አለ። ባለሙያዋ ከሐኪሙ ጀርባ ሆና ሁለት እጇን እንደ ልጅ ስታጨበጭብ አየኋት፤ ድምፅ ግን አላሰማችም። ከዚያ ሌላ ሳምንት ተጨመረ። ቁስሉን እየጠረጉ አጸዱት፣ ከዳር ዳር ሮዝ ሥጋ መጣበት። እትዬ በምርኩዝ፣ በሁለት እግሯ፣ ወደ ቤት ገባች።

ባለሙያዋ በዕረፍቷ ቀን ወደ ሰፈራችን መምጣት ጀመረች። ውሃውን ትለካለች፣ ሥሩን ጥሬውንም ታጥቦም በትንሽ በትንሽ ጠርሙስ ትወስዳለች፣ እናቶችን ሌላ ምን ምን ትበሉ ነበር እያለች ትጠይቃለች። መጀመሪያ የመጣች ቀን አባባ አያልቄ መንገድ ላይ እጇን ያዟት። ልጆቹ ከግንቡ ላይ ሆነው «አለቀላት!» ብለው ሳቁ። እሷ ግን እስከ ጀልባዋ ድረስ አንድ በአንድ መለሰችላቸው፤ ከዚያም ጀልባዋ ምን ዓይነት እንደነበረች ጠየቀቻቸው። ያን ቀን አባባ ያወሩትን እኛ የሰፈሩ ሰዎችም ሰምተነው አናውቅም። ጀልባዋ የሁሉም ነበረች፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች፤ ውሃው ሲመጣ ከዛፉ ጋር እንደታሰረች ቀርታለች።

እትዬ ሁለት ክረምት ኖረች። መርፌዋን ሳትዘል፣ ማዕዷን በመራራ እየጀመረች፣ የአጥሬን ግማሽ በልታ። ሁልጊዜ ጆንያው በሚወጣበት ጠዋት ምርኩዟን ይዛ ቦዩ ዳር ትመጣና በምላሴ ላይ ትስቃለች፣ «ይሄው ዜና አንባቢው» እያለች። በሦስተኛው ክረምት መግቢያ ሌሊት ልቧ ቆመ። ሁለቱም እግሮቿ ከእሷ ጋር ተቀበሩ።

ለቅሶ ቤት አባባ አያልቄ ሲገቡ ሁላችንም እጃችንን አዘጋጅተን ነበር። ማንንም ሳይጠይቁ ሄደው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሲያደርጉ አላየሁም።

ከቀብሩ ወዲያ መጀመሪያ ጆንያ ያወጣን ጠዋት ቁራሿን ምላሴ ላይ አቆይቼ ተፋሁ፤ አባባ እጄን ያዙ። ልጆቼን ጠየቁኝ፣ ያረፉትን ጠየቁኝ፣ ቤቱን፣ ማሳውን፣ ዓሣውን፣ ሾላዋን። «ጀልባዋ ደህና ናት?» አሉኝ። መለስኩ፤ ገና እየተኮላተፍኩ ነበርና ጆንያውን ልመልሰው ጎንበስ ስል እጄን አልለቀቁትም።

«እትዬስ ደህና ናት?» አሉ።

«ደህና ናት» አልኩ፤ ያኔ ጥርት ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታው የሚያልቀው በእሷ ነው። ሥሩም ትንሽ መረር ብሏል።